በቤት ከተሠራ ጄኔሬተር የሚወጣውን ኤሲ ወደ ዲሲ መለወጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ዙሪያ ውኃ ሞልቷል። ከሰቃ ጨቆርሳ እስከ ጎማ፣ ከማና እስከ ሊሙ፣ ከቡና ማሳው ሥር ጅረት የሚወርድለት ገበሬ ጥቂት አይደለም። መብራት ግን ሁሉም ጋ አልደረሰም፤ የደረሰበትም ቢሆን ይሄዳል ይመጣል። ስለዚህ እጁ የማይቦዝን ሰው ማግኔት ይሰበስባል፣ ሽቦ ይጠመጥማል፣ ወንዝ ዳር ወስዶ ያዞረዋል። አምፖል ይበራለታል። ባትሪ ልሙላ ሲል ነው ነገሩ የሚወሳሰብበት። ሕርማታ መርካቶ አካባቢ ጥገና የምንሠራ ሰዎች ደጋግመን የምንጠየቀውን እነሆ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ኤሲን (አቅጣጫውን የሚገለባብጠውን ኤሌክትሪክ) ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ) ማድረግ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ሰውን የሚያደክመው አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ መግራት ነው።

ለምን መለወጥ ያስፈልገኛል? ኤሲው እንዳለ አይሆንም?

የድሮውን ባለ ክር አምፖል ብቻ የምታበሩ ከሆነ ይሆናል። ባትሪ ግን ኤሲ አይቀበልም። ኤሲ አቅጣጫውን ያለማቋረጥ ይገለባብጣል፤ የመብራት ኃይሉ በሴኮንድ 50 ዑደት ይሠራል። በቀጥታ ባትሪ ላይ ብታስሩት ግማሹ ዑደት የሞላውን ግማሹ ያራግፈዋል፤ ባትሪው ይግልና ይበላሻል። ስልክ፣ ሬዲዮና ኤልኢዲ አምፖልም ውስጣቸው የሚሠራው በዲሲ ነው።

በአዲስ አበባ መንገድ በኩል ያለው ጊልጌል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በኤሲ ነው፤ ኃይሉን ሩቅ ስለሚልክና ቮልቴጁን በትራንስፎርመር ከፍ ዝቅ ማድረግ ስላለበት። የእናንተ ዓላማ ግን ሌሊቱን የሚመነጨውን ለማታ ማጠራቀም ነው። የሚጠራቀመው ደግሞ ዲሲ ብቻ ነው።

ከእኔ ጄኔሬተር የሚወጣው ኤሲ ይሁን ዲሲ በምን አውቃለሁ?

ክፈቱና እዩት። ማግኔቱ የሚዞር፣ ኮይሉ (የተጠመጠመው ሽቦ) የቆመ ከሆነ ኤሲ ነው። ኮይሉ የሚዞርና ካርቦኖቹ በቁርጥራጭ መዳብ ላይ የሚሄዱ ከሆነ ዲሲ ነው፤ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተርና አብዛኛው የመጫወቻ ሞተር እንዲህ ነው። ለዲሲው ብሪጅ (ኤሲን ዲሲ የሚያደርግ የአራት ዳዮድ እስር) አያስፈልግም፤ አንድ ዳዮድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በፖዘቲቩ መስመር ላይ አስገቡ፣ አለበለዚያ ወንዙ ሲቀንስ ባትሪው ራሱ ሞተሩን ሲያዞረው ያድራል።

መክፈት ካልፈለጋችሁ በቴስተር ለኩት። በኤሲ በኩል ቁጥር እያሳየ በዲሲ በኩል ዜሮ አካባቢ የሚንከራተት ከሆነ ኤሲ ነው። ርካሽ ቴስተር የተሠራው ለመብራት ኃይል ኤሲ ስለሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ጄኔሬተር ላይ የሚሰጣችሁን ንባብ በግምት ብቻ ያዙት።

አንድ ዳዮድ ይበቃል ወይስ አራት?

ዳዮድ የውኃ ቧንቧ ላይ እንደሚገባ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ነው፤ በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ ሲመለስ ይዘጋል። አንድ ብቻ ብትጠቀሙ ከዑደቱ ግማሹ ያልፋል፣ ግማሹ በከንቱ ይቀራል። አራቱን በብሪጅ ስታስሩ የተገለበጠውም ግማሽ ቀንቶ ይወጣል። ስለዚህ አራት። አንድ ዳዮድ ለመቆጠብ ተብሎ የወንዙን ግማሽ ጉልበት መጣል አያዋጣም።

ብሪጁ የራሱን ግብር ይወስዳል። ከረንቱ በማንኛውም ጊዜ በሁለት ዳዮድ ውስጥ ያልፋል፤ አንዱ 0.7 ቮልት ያህል ይይዛል፣ ከረንቱ ሲበዛ ወደ 1 ቮልት ይጠጋል። 6 ቮልት ብቻ ለሚያወጣ ጄኔሬተር 1.4 ቮልት ማጣት ሩብ ያህሉን ማጣት ነው። ሾትኪ የሚባለው ዓይነት ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ብቻ ስለሚወስድ፣ ካገኛችሁት ለዝቅተኛ ቮልቴጅ እሱ ይመረጣል።

የትኛውን ልግዛ?

ዋን ኤን 4007 በየሱቁ አለ፤ የሚችለው ግን 1 አምፔር ነው። ለልጆች የትምህርት ቤት ሥራ ይሆናል። ዋን ኤን 5408 እስከ 3 አምፔር ይሄዳል። ለባትሪ ሙሌት የምንመክረው ኬቢፒሲ 3510 የሚባለውን አራት ማዕዘን ብሪጅ ነው፤ አራቱም ዳዮድ ውስጡ ነው፤ 35 አምፔርና 1000 ቮልት ተብሎ የተሠራ። ከምታስቡት ከረንት እጥፍ የሚችል ግዙ።

እጃችሁ ላይ ሲገባ አገላብጣችሁ እዩት። መሐሉ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለው፤ ከአራቱ ማዕዘን አንዱ ተቆርጧል። ከተቆረጠው ማዕዘን ጋ ያለው እግር ፖዘቲቭ ነው፤ በሰያፍ ፊት ለፊቱ ያለው ኔጋቲቭ። የቀሩት ሁለቱ የኤሲ መግቢያ ናቸው፤ የትኛው ሽቦ በየትኛው ቢገባ ለውጥ የለውም። የጎኑ ጽሑፍ ተፍቆ ቢሆን እንኳ የተቆረጠው ማዕዘን አይጠፋም።

35 አምፔር የሚለው ቁጥር ሙቀቱ በደንብ ከተወገደለት ነው። በ10 አምፔር እስከ 20 ዋት ሙቀት እዚያች ትንሽ ነገር ላይ ይከማቻል፤ ጣት አያስነካም። ጠፍጣፋ ወፍራም አሉሚኒየም ላይ በብሎን እሰሩት፣ መሐሉ ላይ የሙቀት ቅባት ቀቡ። ያረጀ የአሉሚኒየም ድስት ክዳን ተቆርጦ ይሠራል፤ እናት ሳትፈቅድ ግን አይነካም።

አሮጌ ብሪጅ ካገኛችሁ ቴስተሩን ዳዮድ ምልክት ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ለኩ። በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ካሳየ፣ ሲገለበጥ ምንም ካላሳየ ደህና ነው። በሁለቱም በኩል ዜሮ ካሳየ ተቃጥሏል፤ ጄኔሬተሩ ላይ ብታስሩት ኮይሉን ሾርት አድርጎ መዞሪያውን ያከብደዋል።

ከጄኔሬተሬ ሦስት ሽቦ ነው የሚወጣው። የትኛውን ልተው?

ምንም አትተዉ። ሦስት ፌዝ ነው፣ ማለትም ተራ በተራ የሚነሱ ሦስት ኤሲዎች፤ እንዲያውም ዕድለኛ ናችሁ። ስድስት ዳዮድ ያስፈልገዋል። ስድስት ለየብቻ ከመግዛት ሁለት ኬቢፒሲ ውሰዱ፦ ፖዘቲቮቹን አንድ ላይ፣ ኔጋቲቮቹን አንድ ላይ እሰሩ፤ አራት የኤሲ መግቢያ ታገኛላችሁ፣ ሦስቱን ተጠቀሙ፣ አራተኛው ባዶውን ይቀመጥ።

ትርፉ የዲሲው ጥራት ነው። ባለ አንድ ፌዝ ብሪጅ የሚያወጣው ዲሲ በየዑደቱ ሁለት ጊዜ ዜሮ እየነካ ይነሳል። የሦስት ፌዙ ስድስት ጊዜ ይደራረብና ዜሮ አይደርስም፤ መዋዠቁ ከ5 በመቶ በታች ነው። የዲሲው አማካይ በሁለት ሽቦ መካከል የለካችሁት ኤሲ በ1.35 ሲባዛ የሚገኘው ነው፣ የዳዮዱ ሲቀነስ።

ኮይሎቹን ራሳችሁ ያሰራችሁ ከሆነ ስታር (የሦስቱም አንድ አንድ ጫፍ መሐል ላይ የሚገናኝበት) ወይም ዴልታ (ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን የሚታሰሩበት) መምረጥ ትችላላችሁ። በአንድ ፍጥነት ስታር ከዴልታ 1.73 እጥፍ ቮልቴጅ ይሰጣል፣ ከረንቱ ግን በዚያው ልክ ያንሳል። ወንዛችሁ ዘገምተኛ ከሆነ ስታር።

ከአሮጌ ፕሪንተር ያወጣሁት ሞተር አራት ሽቦ አለው፤ ምን ላድርግ?

ሁለት የተለያዩ ኮይሎች ናቸው። ጥንዱን በቴስተር ኦም ለዩ፤ የሚገናኙት ሁለቱ የአንድ ኮይል ናቸው። ለእያንዳንዱ ኮይል የራሱን ብሪጅ ስጡና ዲሲዎቹን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ አገናኙ። ጥቂት ዋት ነው የሚወጣችሁ፤ ለማስተማሪያ ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

12 ቮልት ኤሲ በብሪጅ አስገብቼ ከካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ ለአፍታ ይዞ ከሚያረጋጋው ዕቃ) 15.6 ቮልት ዲሲ ለካሁ። ትርፉ ከየት መጣ?

ከየትም አልመጣም። ቴስተር 12 የሚላችሁ የኤሲውን ውጤታማ ዋጋ ነው፤ የሞገዱ ጫፍ 1.414 እጥፍ፣ ማለትም 17 ቮልት ያህል ነው። ካፓሲተሩ ጫፉን ይዞ ያስቀረዋል፤ ብሪጁ 1.4 ይወስዳል፤ 15.6 ይቀራል። ጭነት ስታስሩበት ይወርዳል። ዋቱ አልጨመረም።

በዚህ ምክንያት ለ12 ቮልት ኤሲ 16 ቮልት የተጻፈበትን ካፓሲተር አትግጠሙ፤ 25 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩም አይገልበጥ፣ ይፈነዳል። ጄኔሬተራችሁ 220 ቮልት የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ካፓሲተሩ ላይ 311 ቮልት ይቆማል። ጄኔሬተሩ ከቆመ በኋላም ይቆያል፤ ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለውን በቤት ውስጥ አትሞክሩ።

የስንት ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ላድርግ?

ባትሪ የምትሞሉ ከሆነ ምንም። ባትሪው ራሱ ከማንኛውም ካፓሲተር በላይ ያረጋጋዋል። ያለ ባትሪ በቀጥታ ሬዲዮ ወይም ኤልኢዲ የምታስሩ ከሆነ ሒሳቡ ይሄ ነው፦ መዋዠቁ በቮልት፣ ከረንቱን ለድግግሞሹ እጥፍ እና ለካፓሲተሩ (በፋራድ) ብዜት ማካፈል። በ50 ሄርዝ (በሴኮንድ 50 ዑደት)፣ 1 አምፔር፣ 4700 ማይክሮፋራድ፦ 2.1 ቮልት ይዋዥቃል።

የቤት ጄኔሬተር ግን 50 ሄርዝ ላይ ብዙም አይገኝም። የማግኔት ዋልታዎቹን ብዛት በደቂቃ ዙሩ አባዙና ለ120 አካፍሉ፤ 12 ዋልታ ያለው በደቂቃ 300 ሲዞር 30 ሄርዝ ነው። ያው ካፓሲተር አሁን 3.5 ቮልት ያዋዥቃል። ለመብራት ኃይል ኤሲ የተሠራ ትራንስፎርመር እንዲህ ባለ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ብታስሩም ከመጠን በላይ ይግላል።

12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት ጄኔሬተሩ ስንት ቮልት ማውጣት አለበት?

ሞልቶ ያረፈ የአሲድ ባትሪ 12.7 ቮልት ያህል አለው። የብሪጁን 1.4 ጨምሩ፤ ጫፉ 14.1 ካላለፈ አንድም ከረንት አይገባም። በቴስተር ኤሲ ንባብ ይሄ 10 ቮልት አካባቢ ነው። ወንዙ በበጋ ሲቀጥንም ከዚህ በታች እንዳይወርድ አድርጋችሁ ጠምጥሙ።

ካለፈ በኋላ የሚሆነውን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ያለ ጭነት 30 ቮልት ያሳየ ጄኔሬተር ባትሪ ሲታሰርበት 13 ቮልት ላይ ቁጭ ይላል። ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ባትሪው ጎትቶ ይዞታል፣ ትርፉ በከረንት መልክ እየገባ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባትሪው ሲሞላ ነው። ከ14.4 ቮልት በላይ ለረጅም ሰዓት ከተገፋ ውኃው ይፈላል፣ ሳህኖቹ ይበላሻሉ። ሞልቶ ተሰክቶ የሚቆይ ከሆነ 13.6 አካባቢ ይያዝ። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ የራሱን መቆጣጠሪያ ካልያዘ በብሪጅ ብቻ በፍጹም አይሞላም፤ እሳት ያስነሳል።

ታዲያ የሶላር ኮንትሮለር ብገጥምስ? ሱቁ ሁሉ ሞልቶታል።

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚበላው ይሄ ነው። የሶላር ኮንትሮለር ባትሪው ሲሞላ ፓነሉን ይቆርጠዋል። ፓነል ቢቆረጥ ምንም አይሆንም፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የውኃ ተርባይን ግን ጭነቱ በድንገት ሲነሳለት ይፈታል፤ ከሥራ ፍጥነቱ እጥፍ ድረስ ሊሮጥ ይችላል። ቮልቴጁም አብሮ ይወጣል። በኮንትሮለሩ መግቢያ ላይ የተጻፈውን ጣሪያ ያልፍና ያቃጥለዋል፤ ኩሽኔታውም በጩኸት ይጨርሳል። ባለቤቱ ኮንትሮለሩ ጥራት የለውም ብሎ ሌላ ይገዛል፣ እሱም ይሄዳል።

ለሚዞር ነገር የሚያስፈልገው መቁረጥ ሳይሆን ትርፉን ወደ ሌላ ጭነት ማሻገር ነው። ጄኔሬተሩ ሁልጊዜ ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ ይቀራል፤ ባትሪው 14.4 ሲደርስ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ስዊች) ተጨማሪ ጭነት ባትሪው ላይ ያስገባል፣ ትርፉን ይበላል፤ 13.5 ሲወርድ ያወጣዋል። ለንፋስ ጄኔሬተር ተብሎ የሚሸጥ ኮንትሮለር ይሄን ይሠራል፤ በቮልቴጅ የሚታዘዝ ሪሌም ገዝቶ መሥራት ይቻላል። ማራገፊያው ጭነት ከጄኔሬተሩ ሙሉ ጉልበት መብለጥ አለበት። ለ70 ዋት ጄኔሬተር ሁለት ባለ 55 ዋት የመኪና ፊት መብራት ይበቃሉ። ከአምፖል ይልቅ ከ3 ኦም ያነሰ የማሞቂያ ሽቦ ውኃ ውስጥ ብትነክሩ ደግሞ ትርፉ የእግር መታጠቢያ ያሞቅላችኋል።

አያያዙም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ባትሪው፣ በመጨረሻ ጄኔሬተሩ። እየዞረ ሳለ የባትሪ ጫፍ የሚነቅል ሰው ቤቱ ያለውን ኤልኢዲ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሰናበታል።

የባጃጅ ሬጉሌተር ይሠራል ወይ?

ከባጃጅ ማግኔትና ኮይል ጋር አብሮ ከተወሰደ በደንብ ይሠራል። ኤሲውን ዲሲ ያደርጋል፣ 14 ቮልት አካባቢም ይገድበዋል። ብዙዎቹ የሚገድቡት ኮይሉን ሾርት በማድረግ ስለሆነ ይግላሉ፤ አየር የሚያገኝ ቦታ እሰሩት። ለሌላ ጄኔሬተር ግን የሽቦው ብዛት ካልገጠመ አትጠቀሙ። ማግኔቱ ደግሞ ለሞተር ፍጥነት የተሠራ ነው፤ የውኃ መሽከርከሪያ ቀርፋፋ ስለሆነ በቺንጋና በትልቅ ፑሊ ፍጥነቱን ማብዛት ግድ ነው።

የመኪና ዲናሞስ?

ውስጡ ሦስት ፌዝ ኤሲ ነው፤ ከኋላው ዳዮዶቹ ስለተገጠሙለት ዲሲ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ብሪጅ አትጨምሩበት። ግን ቋሚ ማግኔት የለውም፤ ለመነቃቃት ብቻ ጥቂት አምፔር ከባትሪው ይበላል፣ በደቂቃም ከ1000 ዙር በላይ ይፈልጋል። ለትንሽ ጅረት አንመክርም፤ ከምታመነጩት ግማሹን ራሱ ሊበላው ይችላል።

ወንዜ ስንት ዋት ይሰጠኛል?

ውኃውን በቦይ ሰብስቡና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። በ4 ሴኮንድ ከሞላ በሴኮንድ 5 ሊትር ነው። የሚወድቅበት ከፍታ 3 ሜትር ከሆነ፣ 5 በ3 በ9.81 ሲባዛ 147 ዋት። በእጅ የተሠራ ነገር ግማሹን ከሰጣችሁ አመስግኑ፤ ወደ 70 ዋት። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌት ተቀን ስለሚሠራ በቀን 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ ቴሌቪዥን ይተርፋል። ልኬቱን በበጋ አድርጉ። በነሐሴ የተለካ ወንዝ በየካቲት ያሳፍራል።

ቤቴ ከወንዙ 100 ሜትር ይርቃል። በኤሲ ልሳበው ወይስ በዲሲ?

ዋናው ቮልቴጁ ነው። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ መሄጃና መመለሻው 200 ሜትር፣ 1.4 ኦም ያህል ነው። በ12 ቮልት 5 አምፔር ብትልኩ 7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቤት የሚደርሰው ባትሪ አይሞላም። ያንኑ 60 ዋት በ48 ቮልት ብትልኩ ከረንቱ 1.25 አምፔር ይሆናል፤ የሚጠፋው 1.7 ቮልት ብቻ ነው። በዋት ሲታይ ከ34 ወደ 2 ይወርዳል።

ስለዚህ ኮይሉን ለከፍተኛ ቮልቴጅ ጠምጥማችሁ ኤሲውን እስከ ቤት አምጡት፣ ብሪጁን ቤት አድርጉ፣ ከዚያ ቮልቴጅ በሚቀንስ ኮንቨርተር ወደ ባትሪው አውርዱ። ማራገፊያውን ግን አትርሱ፤ ኮንቨርተሩም ጣሪያ አለው። በኤሲ ከ50 ቮልት በላይ ለሰው አደገኛ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ከብትና ልጅ በሚያልፍበት አጥር ላይ ራቁቱን ሽቦ አታንጠልጥሉ። ሌላው መንገድ ባትሪውን ወንዝ ዳር ማስቀመጥ ነው፤ ጠባቂ ካላችሁ።

ስልኬን በቀጥታ ከብሪጁ ልሙላው?

አይሆንም። ከባትሪው ላይ የመኪና ስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሙሉት። ባትሪ ከሌላችሁ ኤልኤም 2596 የሚባለው ትንሽ ቦርድ እስከ 40 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት ይሰጣል፤ መጀመሪያ ያለ ስልክ በቴስተር እየለካችሁ ብሎኗን በካቻቢቴ አስተካክሉ። ጄኔሬተሩ ያለ ጭነት ከ40 በላይ የሚወጣ ከሆነ ይሄንንም ተዉት።

ኢንቨርተር (የባትሪውን ዲሲ ወደ 220 ቮልት ኤሲ የሚመልስ) አድርጌ ከቤቱ ሶኬት ጋር ባገናኘውስ?

ቤቱ የመብራት ኃይል መስመር ካለው በፍጹም። መብራት ጠፍቶ ሳለ የእናንተ ኃይል በቆጣሪው በኩል ወጥቶ በትራንስፎርመሩ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይቀየራል፤ ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ ኃይል የለውም ብሎ የያዘው ሽቦ ይገድለዋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የማያገናኝ ማቀያየሪያ ስዊች በባለሙያ ይገጠም፤ አለበለዚያ የኢንቨርተሩ ዕቃዎች ለብቻቸው ይሁኑ።

ፊውዙ የት ይግባ?

ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ። ሽቦ ቢነካካ ከጄኔሬተሩ ይልቅ ባትሪው ነው በመቶዎች አምፔር ለቅቆ ቤት የሚያቃጥለው። ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ መኝታ ክፍል ወይም የቡና ምድጃው አጠገብ አይቀመጥ። ጫፎቹ በጅማ እርጥበት ቶሎ አረንጓዴ ያወጣሉ፤ ፍቃችሁ ቫዝሊን ቀቧቸው።